ፍልውሃ ወይስ ተራራ? ከአንኮበር እስከ ቢሾፍቱ የወረደው መንገድ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ያፈላ ቡናውን፣ ሻይ ያለው ሻዩን ይዞ ያንብበው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት ያስተማርኳቸው ልጆች የቴሌግራም ግሩፓቸው ውስጥ አስገብተውኛል። ዐሥረኛ ዓመታቸውን ምክንያት አድርገው አንድ ቦታ አብረው ሄደው ማደር ፈልገዋል። ሁለት ሐሳብ ቀረበ፤ አንዱ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ሪዞርት፣ ሌላው አንኮበር። ክርክሩ ሳምንት አለፈው። "ዋና አለ፣ ስቲም አለ፣ ምግቡ ቡፌ ነው፣ ምን ፈለጋችሁ?" የሚል ወገን አለ። "ከከተማ ወጥተን ሌላ ከተማ ልንገባ ነው እንዴ? ተራራ እንውጣ" የሚልም አለ። በመጨረሻ አንዷ "በቃ ቲቸር ይፍረድ፣ ታሪክ አስተማሪ አይደለም እንዴ?" አለችና ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ።

በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ጻፍኩት። ደግሞም ጥያቄው የእነሱ ብቻ አይደለም። ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሞ ሁለት ቀን ዕረፍት ያገኘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት ታሪኩን ላስቀድም። ምክንያቱም ከተራራው ልውረድ ወይስ ልቆይ የሚለውን ምርጫ የሸዋ ቤተ መንግሥት ከእኛ በፊት መርጦታል። አዲስ አበባ ራሷ የዚያ ምርጫ ውጤት ናት።

(የውጭ ሰዎች የመጡበትን ዘመን እ.ኤ.አ. እያልኩ፣ የእኛን ደግሞ በእኛው ዓ.ም. እጽፋለሁ፤ እንዳይምታታባችሁ።)

ተራራው ለምን ተመረጠ?

አንኮበር ዛሬ ትንሽ የወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ታጥፋላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ግን ዋናው ነገር ከፍታዋ አይደለም፤ የተቀመጠችበት ጠርዝ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ እየተቆረጠ ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ስሟን ሽማግሌዎች አንኮ ከምትባል ሴት ጋር ያያይዙታል፤ "የአንኮ በር" ለማለት ነው ይላሉ። አፈ ታሪኩ እንዳለ ሆኖ፣ "በር" የሚለው ቃል ግን ለቦታው ልክ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚገባ ሁሉ የሚያልፍባት በር ነበረች።

በዚህ በር ምን ይገባ ነበር? ከታጁራና ከዘይላ ወደብ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ፣ ከአፋር የሚመጣ ጨው፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ። በዚያ ዘመን አሞሌ ጨው ገንዘብ መሆኑን አስታውሱ፤ ዘጠነኛ ክፍል እያለን ተምረነዋል። ከተራራው ግርጌ አልዩ አምባ የሚባል የገበያ ከተማ አለ። አርጎባውም፣ የሐረር ነጋዴውም፣ አፋሩም፣ የደጋው ሰውም የሚገናኙበት ነበር። ከበላይ አንኮበር ቤተ መንግሥት፣ ከታች አልዩ አምባ ገበያ። በሩን የያዘ ቀረጡን ይይዛል፤ ቀረጡን የያዘ ጠመንጃውን ይይዛል።

ስለዚህ የሸዋ ገዢዎች ተራራ ላይ የወጡት አየሩ ደስ ስላላቸው አልነበረም። ጠላት ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፣ መውጫው ጠባብ ነው፣ ንግዱ ከእግራቸው ሥር ያልፋል። ብርዱ የዚህ ሁሉ ዋጋ ነበር።

አንኮበር ስሟ የገነነው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የገዙት። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 መጥቶ ለጥቂት ዓመታት በሸዋ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1841 ደግሞ ካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ጠመንጃና መድፍ ስጦታ አስጭኖ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ፈረንሳዩ ሮሼ ዴሪኩርም ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1843 የራሱን ውል አስፈርሟል። እስቲ አስቡት፤ ለንደንና ፓሪስ አንዲት የተራራ ከተማን ለማግኘት ይሽቀዳደሙ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሣህለ ሥላሴም ቢሆኑ ዓመቱን ሙሉ አንኮበር አልተቀመጡም። ወደ ምዕራብ፣ ሜዳው ላይ፣ አንጎለላ የሚባል ሁለተኛ መቀመጫ ነበራቸው። የልጅ ልጃቸው ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። ተራራና ሜዳ እየተፈራረቁ መኖር አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው።

መውረዱ እንዴት ተጀመረ?

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ጊዜ ሞቱ፤ ሕፃኑ ምኒልክም ተማርከው ሄዱ። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመለሱ የአባታቸውን ዙፋን ይዘው የተቀመጡት በዚያችው በተራራዋ ከተማ ነበር። ግን አልቆዩባትም። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን አጠገብ ወዳለችው ልቼ ሄዱ፤ በ1870 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ ጋር የታረቁትም ልቼ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ እየገፉ እንጦጦ ወጡ።

እንጦጦ እንግዲህ ሌላ ተራራ ነው፤ 3000 ሜትር ገደማ። ምክንያቱ የአንኮበሩ ዓይነት ነበር፤ ከፍ ብሎ አገር ማየት፣ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ለሚደረገው ዘመቻ መቅረብ። ግን እንጦጦ ነፋስ ነው፣ ብርድ ነው። ውሃው ይርቃል፤ እንጨቱም ሠራዊቱ ሲከማች ቶሎ አለቀ። ከተራራው ሥር ደግሞ ፊንፊኔ የሚባል ሙቅ ውሃ የሚፈልቅበት ሜዳ ነበር። መኳንንቱና ወታደሩ እየወረዱ ይታጠቡበት ጀመር። ቁርጥማት ያመመው ይነከራል፣ የደከመው ያርፋል።

እስቲ በዛሬ ቋንቋ እንናገረው፤ እንጦጦ የተራራ ከተማ፣ ፍልውሃ ሪዞርት።

በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ሐረርን ለመያዝ በዘመቱበት ወቅት እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው ሰፈሩ። ቦታውን ወደዱት። ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ መሬቱ ላይ ባዩት አበባ ምክንያት "አዲስ አበባ" ብለው ሰየሙት ይባላል። ለመታጠብ የተወረደበት ቦታ መኖሪያ ሆነ፤ መኖሪያው ዋና ከተማ ሆነ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እንጦጦ ማርያም ነው፤ ኑሮው ግን ቀስ በቀስ ወደ ታች ወርዷል። ከንግሥናው እስከ ዐድዋ ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ተራራው ለታቦቱ፣ ሜዳው ለቤተ መንግሥቱ ሆነ ብንል ብዙም አንሳሳትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፊንፊኔ ባዶ መሬት አልነበረም። የኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩበት፣ ከብታቸውን ሆራ ያጠጡበት ነበር። ለቤተ መንግሥቱ ማረፊያ የሆነው ለእነሱ ቤታቸው ነበር። ይህን የምለው ለክርክር አይደለም። የትኛውም "የመዝናኛ ቦታ" ከመዝናኛነቱ በፊት የሰው አገር መሆኑን እንድታስታውሱ ነው።

ከበር ላይ ማን ቀረ?

አሁን ወደ አንኮበር እንመለስ። ቤተ መንግሥቱ ሲወርድ ምን ሆነች?

የፈረንሳዩ ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም ከተወ በኋላ ነጋዴ ሆኖ ነበር፤ ይሄን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። 2000 ገደማ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነስቶ፣ ከወራት የበረሃ ጉዞ በኋላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ። ንጉሡ ግን እዚያ አልነበሩም። ሒሳቡን ለመጨረስ እንጦጦ ድረስ መሄድ ነበረበት። ልብ በሉ፤ እቴጌይቱ ፍልውሃ በሰፈሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። በሩ በቦታው አለ፤ ባለቤቱ ግን ወርዷል።

ቤተ መንግሥቱ ሲሄድ ገበያው ቀርቶላት ነበር። ገበያውን ደግሞ ባቡር ወሰደው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ባቡሩ ተራራ አይወድም፤ ሜዳ ሜዳውን ነው የመጣው። በአዋሽ፣ በናዝሬት፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ። ግመልና በቅሎ ወር የሚፈጅበትን መንገድ ባቡር በቀናት ከጨረሰው፣ ማን ጭነቱን በአልዩ አምባ አድርጎ አንኮበር ያወጣዋል?

አንኮበርን ትንሽ ከተማ ያደረጓት እነዚህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የፍልውሃው ሙቀትና የባቡሩ ሐዲድ። ጦርነት አላጠፋትም፣ ረሃብ አልበተናትም። ሰው ወደሚመቸው ቦታ ወረደ፣ በቃ።

ቢሾፍቱን ያሳደጋትም ያው ሐዲድ ነው። ቢሾፍቱ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠሩ ሐይቆች ያሏት ከተማ ናት፤ ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ። ከፍታዋ 1900 ሜትር ገደማ ነው፤ አይበርድ፣ አይሞቅ። ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ትርቃለች። በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት ተባለች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐይቅ ዳር ማረፊያ ነበራቸው፤ አየር ኃይሉም እዚያ ተተከለ። ባቡር፣ ከዚያ አስፋልት፣ ከዚያ ፈጣን መንገድ። ሪዞርቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሪዞርት መንገድን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ሆራ ግን ከሪዞርትም ከባቡርም በፊት የነበረ ሐይቅ ነው፤ በየዓመቱ እሬቻ የሚከበርበት።

እንግዲህ ቢሾፍቱና አንኮበር ሁለት የተለያዩ ታሪኮች አይደሉም። የአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች ናቸው። አንዷን ያሳደገው ሌላዋን ያሳነሰው ነው። እኛም ቅዳሜ ጠዋት መኪና አስነስተን ያለ ብዙ ማሰብ ወደ ቢሾፍቱ ስንነዳ፣ ያኔ የተጀመረውን መውረድ እየቀጠልን ነው።

ታዲያ ሪዞርት ይቅር?

አይቅር። ይህን ስል አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደምትሰኙ አውቃለሁ፤ ግን ሙቅ ውሃ ዳር ማረፍ ከውጭ የመጣ ቅብጠት አይደለም። ፍልውሃ፣ አምቦ፣ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ ሁሉም አባቶቻችን ገላቸውን ያሳረፉባቸው ቦታዎች ናቸው። ጠበል የሚወርድ ሕዝብ "ውሃ ያድናል" የሚለውን ከማንም አልተማረም።

ሌላም አለ። ከልጆቼ አንዱ በአደጋ እግሩን ተጎድቶ በክራንች ነው የሚሄደው። የአንኮበርን ኮረብታ እንዴት ይወጣል? ሌላዋ የስድስት ወር ልጅ ታቅፋለች። አንዷ ተማሪዬ ደግሞ ሪዞርት ውስጥ አስተናጋጅ ናት፤ በዚያ ደመወዝ ነው እናቷን የምትጦረው። ሪዞርትን በጅምላ መስደብ እሷን መስደብ ነው።

ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ በግሩፑ ውስጥ ማንም አላነሳውም። ባለፈው ጊዜ እንዲህ ያለ ዝግጅት ሲደረግ አንድ ልጅ ቀረ። "ሥራ ይዞኝ ነው" አለ። ቆይቶ ሲያጫውተኝ ሥራ አልነበረም፤ መዋጮው ነው። በሚወዳቸው ጓደኞቹ ፊት "የለኝም" ማለት ከበደው። እንደሱ ያሉ ዛሬም በግሩፑ ውስጥ አሉ። የሪዞርት ዋጋ በር ላይ ተጽፎ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ድርድር የለውም። የምትበሉትን፣ የምትተኙበትን፣ የምትዋኙበትን አንድ ላይ ነው የምትከፍሉት። ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን ያለውም የሌለውም እንደ አቅሙ ያድራል። አንዱ ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ኮረብታ ላይ ያለው ሎጅ ያርፋል፤ ሌላው ከተማ ውስጥ ትንሽ አልጋ ይይዛል፤ ጠዋት ሁሉም እዚያው አንድ ጠጅ ቤት ወይም ሽሮ ቤት ይገናኛል። ማን የት እንዳደረ ማንም አይጠይቅም።

ገንዘቡም ሌላ መንገድ ይሄዳል። አስጎብኚው ልጅ እጅ፣ ማር የሚሸጡት እናት እጅ፣ በግ የሚያርደው ሰውዬ እጅ ይገባል። ከመቶ ዓመት በላይ ሰው ሲወርድባት የኖረች ከተማ፣ ሠላሳ ሰው አንድ ቀን ሲወጣላት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ምን አለ እዚያ?

"ቲቸር፣ ፍርስራሽ ለማየት ነው እንዴ?" ያለኝ ልጅ አለ። ከቤተ መንግሥቱ የቀረው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ግን ኮረብታው ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ያን ጊዜ መልሱን ታገኛላችሁ። ደጋው ከእግራችሁ ሥር ይቆረጣል፣ ቆላው በጉም ውስጥ ይዘረጋል። ሣህለ ሥላሴ ለምን እዚህ እንደተቀመጡ ዐሥር ገጽ ካነበባችሁት በላይ በአንድ እይታ ትረዱታላችሁ። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ልስለው ሞክሬ ያልቻልኩት ይሄንን ነው።

በአካባቢው ልጥ ማረፊያ የሚባል ቦታ አለ። ጣሊያናዊው ማርኬዝ አንቲኖሪ ከምኒልክ መሬት ተሰጥቶት የሳይንስ ጣቢያ የከፈተበት ነው፤ ወፍና ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞተ። ስሙ ውስጥ "ማረፊያ" የሚለውን ቃል አስተውሉ። ማረፊያ ፍለጋ ሐይቅ ዳር ብቻ አይኬድም ማለት ነው። ደግሞም በአገራችን ብቻ የምትገኝ፣ በዚህችው ከተማ ስም የተሰየመች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ሳይንስ የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። አንቲኖሪ ያን ሁሉ ዓመት ወፍ ሲሰበስብ በኖረበት ሰፈር፣ ሳትመዘገብ መቶ ዓመት ያህል ቆየች።

ፍርዴ

እንግዲህ ፍረድ ካላችሁኝ፣ አንኮበር እላለሁ። ግን በሦስት ነገር።

አንደኛ፣ የመንገዱን ሰላም አስቀድማችሁ አጣሩ። ደብረ ብርሃን ዘመድ ያለው ይደውል፣ ሹፌሮችን ይጠይቅ። መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ ታሪክ ለማየት ብላችሁ ሕይወታችሁን አታስይዙ። እንዲያ ከሆነ ለጊዜው እንጦጦ እንውጣ፤ ከአራት ኪሎ በአንድ ታክሲ የሚደረስ የዚሁ ታሪክ ግማሽ ነው። ከላይ ሆነን ከተማዋን ቁልቁል እያየን መውረዱን አስረዳችኋለሁ። የአንኮበሩን ገንዘብ ግን አትብሉት፤ ለሰላሙ ቀን አስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ መዋጮው በዝምታ ይሁን። ማን ስንት እንዳዋጣ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም አይወቅ። የጎደለውን የሚሞላ አይጠፋም፤ እኔም አለሁበት።

ሦስተኛ፣ በክራንች የሚሄደው ወንድማችሁ ኮረብታውን በቅሎ ላይ ሆኖ ይውጣ። ነገሥታቱም እኮ በእግራቸው አልወጡትም።

ሪዞርቱን የመረጣችሁ አትከፉብኝ። ለመዋኘት፣ ለመተኛት፣ ከሥራ ጭንቀት ለመገላገል ከሆነ የምትሄዱት ቢሾፍቱ ልክ ናት፤ ከቤተሰባችሁ ጋር ሂዱና ተደሰቱ። እናንተ ግን ግሩፑ ላይ የጻፋችሁት "እንደ ድሮ አንድ ላይ እንሁን" የሚል ነው። ሪዞርት ውስጥ ሠላሳ ሰው ሠላሳ ቦታ ይበተናል፤ አንዱ ዋና፣ አንዱ ስቲም፣ አንዱ ስልኩ ላይ። አንኮበር ማታ ይበርዳል። ብርዱ አንድ እሳት ዙሪያ ያስቀምጣችኋል፤ ተጠጋግቶ መቀመጥ ግድ ነው። ጋቢ የሌለው ካለ ከወዲሁ ያስብበት።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንኮበርን ያያችሁ፣ ወይም የዚያ አገር ልጅ የሆናችሁ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። በተለይ አልጋና በቅሎ የሚያከራይ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ለልጆቹ አስተላልፋለሁ።

ሰላም ሁኑ።